ያልታጠበ ጨጓራ

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

"ኮሚቴው ገና እየተነጋገረ ነው።" ግሮኒያ ዛሬም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሰጠችኝ። ቃለ መጠይቁን ያደረግኩት በጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የሴትየዋን ፊት ማንበብ ሆኗል። ጠዋት ፈገግ ካለች ቦታው የእኔ ነው፤ ከሰዓት ካኮረፈች የሌላ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ዕጣዬን ከሰው ጥርስ ላይ እፈልጋለሁ። ያስጠላል።

ነገሩን እዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ። ኢንስቲትዩቱ ያወጣው የዶክትሬት ቦታ አንድ ነው። ጥናቱ በሰው አገር ያረጁ ሰዎች ለምን መብላት እንደሚተዉ ነው። የማስተርስ ጽሑፌም በዚሁ ላይ ነው፤ አማካሪዬ ግሮኒያ ነበረች፤ አሁንም ኮሚቴው ውስጥ ትልቁ ድምፅ የእሷ ነው። ካገኘሁት አራት ዓመት ደመወዝ አለኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ይታደሳል፣ ከአክስቴ ሶፋ ላይ ተነሥቼ የራሱ በር ያለው ክፍል እገባለሁ። ካጣሁት ፈቃዴ ኦገስት ላይ ያበቃል። እናቴ ደግሞ ሐዋሳ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ "ማዕዶት ዶክተር ልትሆን ነው" ብላ ጨርሳለች።

ከስብሰባ ስንወጣ ግሮኒያ ክንዴን ያዘችኝ። አየርላንዳዊት ናት። እናቷ ባለፈው ዓመት ሲሞቱ አባቷን ኮርክ ከሚባለው ከተማቸው አምጥታ እዚህ ኦስሎ ቤቷ አስቀምጣቸዋለች። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ምግብ አይነኩም። ማርች 17 የአየርላንዶች ትልቅ በዓል ነው፣ የቅዱስ ፓትሪክ።

"ለበዓሉ ምን ይሠራልህ ስለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ" አለች። "በወተትና በሽንኩርት የተቀቀለ ጨጓራ፣ ከደም ቋሊማ ጋር። እኔ እኮ ሽታው ያለበት ክፍል መግባት አልችልም። እናንተ ግን ትሠሩታላችሁ አይደል? ጽሑፍሽ ውስጥ አንብቤያለሁ።"

"እንዴታ!" አልኩ። ጥያቄው ሳያልቅ።

በሕይወቴ ጨጓራ አጥቤ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

አክስቴን ጸዳለን ከልጅነቴ ጀምሮ እቴቴ ነው የምላት። የምትሠራው ሲኬየም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የኖርዌይ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን ታጥባለች፣ ታበላለች። ማታ ሆልምሊያ ጣቢያ ተገናኝተን ዳገቱን አብረን ስንወጣ ነገርኳት። ቆመች።

"በወተት?"

"በወተት።"

"ጨጓራን?"

"አዎ እቴቴ።"

"ሚጥሚጣ የለ፣ ኮረሪማ የለ፣ ቅቤ የለ?"

"ቅቤ አለው። ያልተነጠረ።"

"ሰውየው ታመው ነው?"

የደሙን ስነግራት ጥላኝ መራመድ ጀመረች። "ጨጓራውን አስተምርሻለሁ። ደም ግን ቤቴ አይገባም፣ ድስቴ ውስጥም አይገባም፣ ለዶክትሬትም ቢሆን።" እቴቴ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የወጥ ቤት አገልግሎት መሪ ናት። ክርስቶስን ካወቀች በኋላ ብዙ ነገር ጥላለች፤ ደም ላይ ግን ድሮም አሁንም ንቅንቅ የለም። በሩ ጋ ደረስን። ቁልፉን እያዞረች፦

"ሥራውን ግን ትሰጥሻለች አይደል?"

"ያ" አልኳት በኖርዌጂኛ፣ አዎ ለማለት። "እየሆነ ነው።"

ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ

ጨጓራውን ትናንት ከተማው መሐል ግሮንላንድ ሰፈር ካሉት የሶማሌ ሥጋ ቤቶች ገዛሁ። ሁለት ፌስታል ደርቤበት እንኳ ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ተነሥቶ ሄደ። እኔም ከራሴ ተነሥቼ ብሄድ ደስ ባለኝ።

ዛሬ ከአምልኮ መልስ እቴቴ ቀሚሷን ሳትቀይር ሽርጥ አሠረች። የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ በቢላ ጀርባ መፋቅ። ከእጥፋቱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ይወጣል። ሣር ነው። ላሚቱ ሳትጨርሰው የቀረ ምሳ። ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ፊቴ ላይ የወረደውን ፀጉር እንኳ በክንዴ ነው የመለስኩት፤ እጄን አፍንጫዬ አጠገብ ማምጣት ፈራሁ። ሁለቴ መታጠቢያ ቤት ሮጬ ተመለስኩ።

እቴቴ ትስቃለች። "የምግብ ተመራማሪዋ! ነይ እንጂ ተመራመሪ!"

ውሃው እስኪጠራ አልለቀቀችኝም። ይርጋለም እያለች አንዲት ሙሽራ ለአማቶቿ ጠረን ያለው ዱለት አቅርባ ነበር አሉ። "እስካሁን ስሟን የሚያነሡት በዚያ ነው። ልጆቿን ድራለች እኮ! አሁንም 'ያቺ ዱለቷ የሚሸተው' ነው የምትባለው።"

ከዚያ ወተት፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዱቄት፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ነጭ በነጭ። የሆቴል ፎጣ ቀቅለው ያስቀመጡት ይመስላል። ቀመስኩት። ምንም። ፎጣም ይሻላል።

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

ለቅምሻ ይዤላቸው ሄድኩ። ግሮኒያ በሩን ከፈተችልኝ፣ በዚህ ብርድ የሳሎኑን መስኮት ሁሉ ከፈተች፣ ራሷ ፎቅ ወጣች። አባቷ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሚስተር ዶናል። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው፤ አሁንም ሰውን የሚያዩት የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ልጅ ነው።

"ልትመዝኚኝ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም፣ ላበላዎት ነው።"

"እሱ ይሻላል።" አንድ ማንኪያ ወሰዱ። አኘኩ። ማንኪያውን አስቀመጡት። "ምን አደረግሽው?"

"አጠብኩት።"

"በምን?"

"በጨው። በዱቄት። በሎሚ።"

"ለምን? ሊቀብሩት ነው እንዴ?"

ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው አስረዱኝ፣ ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያስረዱ። ጠረኑ ነው ምግቡ። ሚስታቸው በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ ብቻ ታለቀልቀው ነበር። የሰፈሩን ጥግ ሲዞሩ፣ ገና ቤት ሳይደርሱ፣ ምሳው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። "ታጥቦ የተገደለ ከሆነ ወተቱን ብቻዬን ልጠጣ እችላለሁ።"

ግሮኒያ ከደረጃው ላይ ሆና "በላ?" አለችኝ።

"ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል።"

"ወርቅ ነሽ። የአንቺ ጥናት እኮ ይሄው ነው፤ እንደ መስክ ሥራ ቁጠሪው።"

"ኮሚቴውስ?"

"በቅርቡ፣ በቅርቡ።"

ወርቅ ነሽ አለችኝ። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህችን ቃል ስልስ ነው የመጣሁት። ሌላ የላስኩት ነገር የለም እንግዲህ።

ፌብሩዋሪ 12

ለእቴቴ አልነገርኳትም። ምን ልበላት? ዕድሜዋን ሙሉ ያወቀችውን ሙያ "ተዪው፣ ቆሻሻ ይሁን" ልበላት? ባቡሩ ዘግይቷል። ሁለት ማመልከቻ መላክ አለብኝ። አልላክኩም። እጄ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ከስሩ ሌላው ሽታ አለ።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ወይንሀረግ ደወለች። አብረን ነው ማስተርስ የተማርነው፤ አሁን ሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች። ሁዳዴ ትናንት ገብቷል፤ እሷ ትጾማለች።

"አንቺ ጴንጤ፣ እኔ ሽሮ እየበላሁ አንቺ ጨጓራ በወተት? በአንድ ጉርሻ ሁለት ጊዜ ነው የምትገድፊው!"

"እኔ አልበላውም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

ነገርኳት። ስትስቅ ቆየችና ድንገት ጠየቀችኝ።

"ማዕዶት፣ የሌላኛው አመልካች ውጤት መጥቷል? ያ ጀርመናዊው።"

"እኔ እንጃ። ለምን?"

"እሱንም አባቷን እንዲላጭላት ጠይቃው እንደሆነ ብዬ ነው።"

ዘጋሁባት። መልሼ ደወልኩና ኔትወርክ ነው አልኳት። ቅናት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ወይንሀረግ ቅናት አታውቅም።

ፌብሩዋሪ 21፣ ቅዳሜ

እቴቴ ተረኛ ነበረች። ብቻዬን ሠራሁት፣ እሳቸው እንዳሉት፣ አንዴ ብቻ አለቅልቄ።

እንዴት አድርጌ ልጻፈው። ዝናብ የመታው በረት። የቆየ ካልሲ። ድስቱ ሲፈላ ሽታው ከመጋረጃው ላይ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ፤ ምላሴ ላይ ደግሞ ሳልቀምሰው መጣ። አረፋውን ስገፍ አረፋው ግራጫ ነው። አፍንጫዬን በሻርፕ አሥሬ አማሰልኩ። የተማርኩት ይሄን ነው። ለዚህ ነው እናቴ የጆሮ ወርቋን የሸጠችው።

በሩ ተንኳኳ። ከላያችን ያሉት ጎረቤት ናቸው፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የሆነ ሴትዮ። "ዛሬ የምግባችሁ ሽታ… ትንሽ ጠንካራ ነው።"

እቴቴ እዚህ ሕንፃ ውስጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሽንኩርት የምታቁላላው እኚህ ሴት ወደ ገጠር ጎጆአቸው የሚሄዱበትን ቀን ጠብቃ ነው። አንድ ቀን ሰው ስለ ሽታዋ እንዲናገር አልፈቀደችም። እኔ በአንድ ቅዳሜ አፈረስኩት።

"የአየርላንድ ምግብ ነው" አልኳቸው።

"አየርላንድ?" ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አሃ። ያ፣ ያ።" አላመኑኝም።

እቴቴ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። "ምን ሞቶ ነው?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ሽማግሌው ራሳቸው ጠይቀው ነው፣ ጠረኑን ነው የሚፈልጉት አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ማዕዶት፣ እኔ ሽማግሌዎች ጋ ነው የምውለው። የጠየቁኝን ሁሉ ብሰጥ እስከ ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ። ነገ እኮ 'ያቺ ሐበሻ ያልታጠበ ሆድ ዕቃ አበላችን' ነው የሚባለው። ማን ጠየቀ አይባልም።"

"እቴቴ፣ አንቺ አይገባሽም። እነዚህ ሌላ ሰዎች ናቸው።"

"አዎ" አለች። "አይገባኝም።" ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች።

ለምን እንደዚያ አልኳት። ሶፋው የእሷ ነው፣ ድስቱ የእሷ ነው፣ የባቡር ካርዴን እንኳ የምትሞላልኝ እሷ ናት።

ፌብሩዋሪ 25፣ ረቡዕ

የጽሕፈት ቤቷ ቶሪል ኮሪደር ላይ አገኘችኝና "ጠረጴዛሽ መስኮት አጠገብ ቢሆን ትመርጫለሽ ወይስ በር አጠገብ?" አለችኝ።

"የቱ ጠረጴዛ? ገና እኮ ነው።"

ቀላች። "አዎ፣ አዎ፣ ገና ነው… እንዲያው በአጠቃላይ ማለቴ ነው" አለችና ስለ በረዶው አወራችኝ። ምናልባት ሁሉንም አመልካቾች እየጠየቀች ይሆናል። ኖርዌጂያኖች ዕቅድ ይወዳሉ።

እኔ ግን መስኮት።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ግሮኒያ ስለ ደሙ አስታወሰችኝ። መጀመሪያ ጊዜ "በሃይማኖታችን አይሆንም" ስላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አከብራለሁ" ብላኝ ነበር። ዛሬ፦ "የታሸገውን ከሱቅ ገዝተሽ መጥበስ ብቻስ? አንቺ እንድትበዪው አይደለም።" ኮሚቴው ነገ እንደሚሰበሰብም በዚያው ነገረችኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ።

ገዛሁት። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሞተ ጎማ የመሰለ ነገር። ማቀዝቀዣው ጥግ ከአተሩ ኋላ ወሸቅኩት። ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

ማርች 4

እቴቴ አገኘችው። የሲኬየም ጓንቷን አድርጋ፣ በሁለት ጣት ይዛ፣ እስከ ውጪው የቆሻሻ ገንዳ ወሰደችው። ተመልሳ ማቀዝቀዣውን በሙሉ አራግፋ አጠበችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ቢያንስ ብትሰድበኝ።

ስለ ኮሚቴው ዛሬም ወሬ የለም።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ያልታጠበውን፣ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ቀዝቅዞ የተቀመጠውን፣ አሙቄ ወሰድኩላቸው። ክዳኑን ስከፍት ሚስተር ዶናል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጎድጓዳ ሳህኑን ጨረሱት። በዳቦ ጠረጉት። አገጫቸው ላይ ወተት ሲንጠባጠብ አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ሰው ከወር በኋላ ሲበላ እያየሁ ደስታ አልተሰማኝም። የተሰማኝ ማቅለሽለሽ ነው። በሰው የምግብ ፍላጎት ላይ ዶክትሬት ልሠራ ነው የምለው እኔ ነኝ።

"ልጄ አንቺን በማግኘቷ ዕድለኛ ናት" አሉኝ።

"ገና አላገኘችኝም" አልኩ እየሳቅኩ።

አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ወደ ፎቁ አዩ፣ መልሰው ዘጉት። "ዳቦ ጨምሪልኝ" አሉ።

ማርች 12፣ ሐሙስ

በረዶው እየቀለጠ ነው። ከስሩ የክረምቱ ሁሉ ነውር ይወጣል፤ የውሻ ቆሻሻ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የተረገጠ የአዲስ ዓመት ርችት። ጫማዬ አሸዋና ጭቃ ተሸክሞ ይገባል። ከተማው ሁሉ የእቴቴን ድስት ይሸታል። ወይም አፍንጫዬ ተበላሽቷል።

አንድ ጥሩ ነገር፤ ዳቦውና ድንቹ ተሳኩ። ዳቦው እርሾ የለውም፣ በሶዳና አሬራ በመሰለ የረጋ ወተት ነው የሚቦካው። እቴቴ ቆርሳ ቀመሰችና "ይሄስ የሰው ምግብ ነው" አለች። ድንቹ ከጎመን ጋር ተፈጭቶ ቅቤ ይገባበታል። ማንኪያዋን ልሳ "ጎመናችንን ወስደው ቃሪያውን ረሱት" አለች። ታረቅን መሰለኝ። ግሮኒያ ቤቷን አዲስ ቀለም ስለቀባች በዓሉ እዚህ እኛ ቤት ይሁን ብላለች። እቴቴ ተራ ተቀያይራ እረፍት ወሰደች፣ መጋረጃ አጠበች።

ማርች 16

ነገ። የደም ቋሊማው ቀርቷል፤ ጨጓራው ፍሪጅ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። አንዴ ብቻ የተለቀለቀ። ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ቀትር ላይ ተመልሼ እሠራዋለሁ። ለእቴቴ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ። "እሺ" አለች። እሺዋ ቶሎ ነው የመጣው።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

እቴቴ ተኝታለች። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከስብሰባው ስመለስ ቤቱ ይሸት ነበር፤ የሎሚ። እቴቴ ሽርጥ እንደታጠቀች በሩ ላይ ተቀበለችኝ፣ ፊቷ እየበራ። "ሠርቼ ጨረስኩልሽ። ሂጂ ልብስሽን ቀይሪ።"

ክዳኑን ከፈትኩ። በረዶ የመሰለ ነገር ወተት ውስጥ ተኝቷል። በጨው፣ በዱቄት፣ በሎሚ አጥባዋለች፤ ማለዳ ተነሥታ፣ እኔ ገና ባቡር ሳልሳፈር ጀምራ።

"እቴቴ! ነግሬሽ ነበር እኮ!"

"ነግረሽኛል።" ማማሰያውን አላስቀመጠችም። "እኔ በሕይወት እያለሁ ከቤቴ የሚወጣ ሰው ስምሽን በመጥፎ ሽታ አያነሣውም። የፈለግሽውን በዪኝ።"

ሌላ ለመግዛት ጊዜ አልነበረም። ሥራው አለቀለት አልኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። በጨጓራ ምክንያት።

በአሥራ አንድ ሰዓት መጡ። ሚስተር ዶናል ሙሉ ልብስ ለብሰው አረንጓዴ ከረባት አሥረዋል። ግሮኒያ አበባ ይዛለች፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ፤ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እቴቴ ቆማ ጸለየች፣ ረጅም፣ በአማርኛ። "ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ሴት ልብ አራራልን፣ ልጃችንን አታንከራትታት" ስትል ግሮኒያ ራሷን እየነቀነቀች አሜን ትላለች።

"ምን አለች?" አለችኝ በኋላ።

"ስለ ምግቡ አመሰገነች።"

ሽማግሌው ቀመሱ። አኘኩ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ቀጥሎ ማማሰያ ይዛ ከበላያቸው የቆመችውን እቴቴን አዩ። ገባቸው።

"ንጹሕ ነው" አሉ። "እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር በልቼ አላውቅም።" በልተውም ጨረሱት፣ አንድ አንዱን እየዋጡ፣ መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው። ለእቴቴ ተረጎምኩላት። አንገቷን ሰበረች፤ ደስታዋን የምትደብቀው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ብርጭቆአቸውን አነሡ። "እንግዲህ ዛሬ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ይፈቀድልኛል? አፌን ይዤ ልታመም እኮ ነው።"

"ዳዲ" አለች ግሮኒያ።

"ምን ዳዲ? በዓሉ ላይ እነግራታለሁ አላልሽም? ይኸው በዓሉ።" ወደ እኔ ዞሩ። "በጃንዋሪ መጨረሻ ነው የነገረችኝ፤ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ አንቺን ብሏል፣ የሚወዳደርሽም አልነበረም አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ።"

የግሮኒያ አንገት ቀላ። ወረቀቱ በወቅቱ አላለቀም ነበር አለች። ላስደንቅሽ ብዬ ነው አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። "እውነቱን ልንገርሽ? ቀድሜ ብነግርሽ ሥራ ይበዛብሽና ለአባቴ ጊዜ አይኖርሽም ብዬ ፈራሁ።"

እንዲህ ነው ያለችው። እየሳቀች።

እኔስ? ተነሥቼ አቀፍኳት። "ቱሰን ታክ"፣ ሺህ ምስጋና፣ አልኩ፣ ደጋግሜ፣ ሽቶዋ ውስጥ ተቀብሬ። ማስመሰል ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከልቤ ነበር። አሁን እዚህ ተቀምጬ ሳስበው የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው።

እቴቴ እጅጌዬን ጎተተች። "ምንድን ነው? ምን አሉ?"

"ሥራውን አገኘሁ።"

"መቼ?"

ጥያቄዋ ቢላ ነው።

"ዛሬ" አልኳት። "አሁን።"

እልል አለች። ጎረቤቷን፣ ሕንፃውን፣ ሁሉንም ረሳች፤ ሦስቴ እልል አለች። ግሮኒያን ጉንጯን ስማ ስማ አልጠግብ አለች፣ ከዚያ ሳህኗን አየች። ዳቦና ድንች ብቻ። ጨጓራው አልተነካም። "ውይ፣ ተሳቅቃ እኮ ነው!" አለችና ከድስቱ ትልቁን ቁራጭ መርጣ በዳቦ ጠቅልላ፣ ወተቱ ክንዷ ላይ እየፈሰሰ፣ ወደ አፏ ዘረጋችላት።

ግሮኒያ ወደ ኋላ ሸሸች። ከኋላዋ መስኮት ነው። "ማዕዶት፣ እኔ ይሄን አልበላም። እባክሽ ንገሪያት።"

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እቴቴ ብትሰማ ይቅርታ ጠይቃ እጇን ትሰበስብ ነበር።

"እምቢ ካልሻት በጣም ይከፋታል" አልኩ በእንግሊዝኛ።

አፏን ከፈተች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጉሮሮዋ ወጣ ወረደ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ዋጠች። እቴቴ ወደ እኔ ዞራ፣ ፈራ ተባ እያለች፦ "ወደደችው?"

"በጣም" አልኳት በአማርኛ። "ድገሚያት።"

ደገመቻት። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሲሄዱ እቴቴ ሰሃን እያጠበች ትዘምራለች። "ምን ዓይነት የዋህ ሴት ናት" አለችኝ። "ከእጄ በላች እኮ።"

ሰሃኑን ተቀብዬ አደረቅኩ።

ማርች 18

እናቴ ስልኩ ላይ አለቀሰች። እኔም። መቼ ነገሩሽ አለችኝ፤ ትናንት አልኳት። ውሸቱ አሁን ሐዋሳ ገብቷል። ወይንሀረግ ብቻ ናት እውነቱን የሰማችው፤ አልሳቀችም። "ፈርሚ" አለችኝ። "ፈርሚና ከዚያ ጥዪያት።"

ማርች 23፣ ሰኞ

ውሉ ደረሰ። ግሮኒያ ቢሮዋ አስቀምጣኝ ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋች። ስለ ጉርሻው አንድም ቃል አላነሣችም፤ እኔም ስለ ጃንዋሪ አላነሣሁም። በሁለታችን መሐል እንደተገፈፈ አረፋ ተቀምጧል፤ ሁለታችንም አላየነውም።

ብዕሩ እጇ ላይ ነው። "አባቴ ስለ ፋሲካ እያወራ ነው" አለች። "የበግ ሥጋ በድንች። ያንቺ አክስት ቤት በጣም ደስ ብሎታል። ምን ይመስልሻል?"

"መጀመሪያ ላንብበው" አልኩ።

ብዕሩን ሰጠችኝ። ገጹን ሁሉ አነበብኩ፣ የዓመት ፈቃዱን፣ የጡረታውን፣ ማስጠንቀቂያውን። ቀስ ብዬ። ፈረምኩ። ወረቀቱን አነሣች፣ ፊርማዬን አየች፣ ማኅደሩ ውስጥ አስገባችው።

"ፋሲካን አልችልም" አልኩ።

"ጉዞ አለሽ?"

"የለኝም። አልፈልግም።"

የእሷን ፊት እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። "ገባኝ" አለች። "በእርግጥ። ገባኝ።"

ኮሪደሩን ያለፍኩት እንደ ጀግና ነው። ቶሪል በመስታወቱ በኩል እጇን አወዛወዘችልኝ። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ሁሉንም እንደገና ሰማሁት፣ የእሷን ጥያቄ፣ የእኔን መልስ፣ እና በመሐሉ ያለውን የገጽ መገለባበጥ። መልሱን ገና ስትጠይቀኝ ነበር የማውቀው። ይዤው ነው የቆየሁት፣ ወረቀቱ ማኅደር እስኪገባ። ገና ያልፈረምኩ ብሆን ኖሮ "እንዴታ!" ነበር የምለው፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ።

እሷ መልሴን ይዛ ያቆየችብኝ ከአንድ ወር በላይ ነው። እኔ ያቆየሁባት ጥቂት ገጽ። የእኔ ያንሳል። የእኔ ያንሳል እያልኩ ሳስብ ሆልምሊያ አልፎኝ ነበር፤ የወረድኩት ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ነው።